ገመድ፣ ድንጋይና አበባ፦ የሕይወት ትረካ እንደ ሕክምና
በቺሊ ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የግፍ ሰለባዎችን ምስክርነት እየመዘገቡ ለፈውስ ያውሉት ነበር። ከዚህ ልምድ በከፊል የተቀዳው «በትረካ መጋፈጥ» የተሰኘው ሕክምና፣ ስደተኛው ሕይወቱን በገመድ እንዲዘረጋ፣ ለመከራው ድንጋይ፣ ለደስታው አበባ እንዲያኖርበት ያደርጋል። ከዚያም ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል፤ አድማጩ ይጽፋል፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ያነብለታል፤ ተራኪው ያርማል። በዚህ ጸሐፊ ግምት የፈውሱ ምሥጢር ከመናገሩ ይልቅ በዚህ እርማት ላይ ነው፤ ዛሬም እንደ አዲስ የሚያስደነግጠው ትዝታ ጊዜና ቦታ ያገኛልና። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በኡጋንዳ የተጠለሉ 43 ሱዳናውያንን ያካተተ ጥናት ከዓመት በኋላ ሲለካ፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ በሚመጣው የጭንቀት ሕመም መያዛቸው የቀጠለው ከተራኪዎቹ 29 በመቶው፣ ድጋፋዊ ምክር ካገኙት ግን 79 በመቶው ነበሩ። ናሙናው ትንሽ መሆኑ አይዘነጋም። የተጠናቀቀው ጽሑፍ ለባለታሪኩ ይሰጣል፤ እርሱ ከፈቀደ ለሰብአዊ መብት ምስክርነት ይውላል።