በአቼቶ የሚነጣው ሕዋስ

ለሰላጣ የምንጠቀምበት አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ በጤና ተቋም ሌላ ሥራ አለው። ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ ይቀጥናል፤ አዋላጇ ጥጥ ነክራበት የማሕፀኑን በር ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው ገጽ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል፤ ሕዋሳቱ መለወጥ የጀመሩበት ቦታ ግን ጠርዙ የለየ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ለዓመታት በዋናነት ሲሠራ የኖረው በዚህ መንገድ ነው።

አሲዱ ካንሰርን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያረጋው ፕሮቲንን ነው። ጤነኛ ሕዋስ ከሥር ተፈጥሮ ወደ ላይ እየወጣ ሲበስል ይሳሳል፣ አስኳሉም ያንሳል። የተለወጠው ሕዋስ ግን ሳይበስል መከፋፈሉን ይቀጥላል፤ አስኳሉ ያብጥና የሕዋሱን አብዛኛውን ቦታ ይይዛል። አሲዱ በዚያ የታጨቀውን ፕሮቲን ለጊዜው ሲያረጋው ብርሃን አላሳልፍ ይላል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየን ለዚህ ነው። ፓቶሎጂስቱም በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ የገዘፈ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ በማቅለሚያው የጠቆረ አስኳል። ኢንፌክሽንም አንዳንዴ ያነጣልና ነጭ የታየባት ሁሉ ካንሰር ይዟታል ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው ካንሰርን ከውጭ እንደገባ ጠላት ያስበዋል። ሕዋሱ ግን የራሷ የሴትዮዋ ነው። እርግጥ በዚህኛው ካንሰር ቀስቃሹ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ። 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶቹ ብቻ ከ10 የማሕፀን በር ካንሰሮች 7 ያህሉን ያስከትላሉ። የቫይረሱ ሁለት ፕሮቲኖች የሕዋሱን መከፋፈል የሚገቱትን ዋና ዋና ፕሮቲኖች ያሰናክላሉ። ከሚሰናከሉት አንዱ ፒ53 ነው፤ ዘረመሉ የተበላሸ ሕዋስ እስኪጠገን እንዲቆም፣ ካልተጠገነም ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ስሕተት በስሕተት ላይ ይደራረባል። ደግነቱ አብዛኞቹ ሴቶች ቫይረሱን ያለ መድኃኒት ይገላገሉታል፤ በቆየባቸውም ቢሆን ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል።

ጤነኛ ሕዋስ ጎረቤቱን ሲነካ መከፋፈሉን ያቆማል፤ የአምባሰል ገበሬ እርከኑ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን እንደሚመልስ። የዕጢ ሕዋስ መመለስ አያውቅም፤ በጎረቤቱ ላይ ይከመራል። ጤነኛው 50 ጊዜ ገደማ ተከፋፍሎ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪዬታ ላክስ ከተባለች አሜሪካዊት የማሕፀን በር ዕጢ የተወሰዱት ሕዋሳት ግን፣ እሷ በዚያው ዓመት ብታርፍም፣ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ይራባሉ።

ከባዱ ነገር፣ ይህ ሁሉ ልዩነት የመጠን እንጂ የዓይነት አለመሆኑ ነው። ጤነኛም ሕዋስ ይከፋፈላል። ኬሞ የሚመታው የሚከፋፈለውን በመሆኑ የጸጉር ሥርን፣ አንጀትንና መቅኔን አብሮ ይጎዳል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ልዩነት ድንበር መሻገር ነው። የተለወጡት ሕዋሳት ከሥራቸው ያለውን ስስ ሽፋን ካልበሱ ገና ካንሰር አይባሉም፤ ነጩ ቦታ በብርድ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ሁኔታው ከፈቀደ ምርመራውም ሕክምናውም በአንድ ቀን ያልቃል። ሽፋኑን ከበሱ በኋላ ግን ወደ ደምና ወደ ሊምፍ መንገድ ያገኛሉ፤ ነገሩ የቀዶ ሕክምና፣ የኬሞና የጨረር ይሆናል። ያኔ ለሕክምናው ከአምባሰሏ ውጫሌ የተነሳች ታካሚ ሐይቅን አልፋ፣ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ደሴ ትደርሳለች። ጨረር ከታዘዘላት ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ይህን ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከደሴ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም በወራት የሚቆጠር ወረፋ። ከዚያ ወዲህ ጅማም ተጨምሯል፤ ጅማ ግን ለውጫሌ ሰው ከአዲስ አበባም ይርቃል።