«ልጅስ?»፦ መውለድና አለመውለድ በዘመኑ ልቦለድ

ያገባች ሴት ዓመት ሳይሞላት «ልጅስ?» ትባላለች። ካልወለደች ጠያቂው ይበዛል፤ ወልዳ ካልቀናት ግን የሚጠይቃትም የለ። ባለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ መውለድ ያልፈለገች፣ ወልዳ የተጸጸተች ወይም ልጆቿን ጥላ የሄደች ሴት የምትተርካቸው መጻሕፍት ተከታትለው ወጥተዋል። ሐያስያን አዲስ ነገር እንደተገኘ አድርገው ጽፈውላቸዋል። የናይጄሪያ ሴት ደራስያን ግን ነገሩን የጀመሩት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው፤ ያውም ጠንከር አድርገው።

ፍሎራ ንዋፓ «ኤፉሩ»ን በ1966 አሳተመች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ በታዋቂው የሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ የወጣ የመጀመሪያው የሴት ደራሲ ሥራ ነበር። ኤፉሩ መልከ መልካም ናት፤ ንግድ ይሆንላታል። ያልሆነላት ትዳርና ልጅ ነው፦ ሁለት ባሎች አግብታ ከሁለቱም አልሰመረላትም፤ አንድ ልጇንም ሞት ወስዶባታል። በመጨረሻ የምታገለግለው ኡሃሚሪን፣ የሐይቋን እመቤት፣ ይሆናል። ኡሃሚሪ ውበትና ሀብት ትሰጣለች፤ እሷ ራሷ ግን ልጅ ወልዳ አታውቅም። ታዲያ ሴቶች ለምን ያመልኳታል? ንዋፓ ጥያቄውን አንስታ ሳትመልሰው መጽሐፉን ትዘጋለች።

መልስ ለመስጠት የሞከረችው ቡቺ ኤመቼታ ናት። በ1979 ያሳተመችውን ልቦለድ «የእናትነት ደስታዎች» ስትለው ርዕሱን ያገኘችው ከ«ኤፉሩ» መዝጊያ ነው፤ ስላቁ ደግሞ የራሷ ነው። ኑ ኤጎ የተባለችው ባለታሪክ በመጀመሪያ ትዳሯ አልወለደችም ተብላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ሌጎስ ላይ ሁለተኛ ባል አግብታ የወለደችው የበኩር ልጇ በሞት ሲለያት ራሷን ከድልድይ ልትወረውር ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ግን ልጅ በልጅ ላይ ትደራርባለች፤ በድህነት፣ ከጣውንት ጋር፣ ቸርችራ ታሳድጋቸዋለች። ወንዶቹ ተምረው ባሕር ማዶ ይሻገራሉ። እሷ መንገድ ዳር ብቻዋን ትሞታለች፤ ልጆቹም ድል ያለ የቀብር ሥነ ሥርዓት ያደርጉላታል። የኤመቼታ ክፋት፣ ክፋት ከተባለ፣ የሚታየው ከሞቱ በኋላ ነው። መካን ሴቶች ልጅ ስጪን እያሉ ሲማጠኗት የኑ ኤጎ መንፈስ አይሰማቸውም። ደራሲዋ ስለ እናትነት የምትጽፈው ከሩቅ ሆና አልነበረም። ለንደን ውስጥ በሃያዎቹ ዕድሜዋ አምስት ልጆች ይዛ ከባሏ ተለይታለች፤ ባልየው ቀደም ብሎ የድርሰቷን ረቂቅ አቃጥሎባት ነበር።

የሚቀጥለው ትውልድ ዓይኑን ወደ ወንዱ አዞረ። ሎላ ሾኔይን በ2010 ያሳተመችው «የባባ ሴጊ ሚስቶች የምስጢር ሕይወት» ኢባዳን ከተማ ይገባል። ባባ ሴጊ ሦስት ሚስቶችና ሰባት ልጆች አሉት፤ አራተኛ ያመጣት የተማረች ሚስቱ ቦላንሌ አላረግዝ ስትል ሐኪም ቤት ይወስዳታል። ምርመራው ወደ እሱ ሲዞር ጉድ ይወጣል፦ መካኑ እሱ ነው፤ ሰባቱም ልጆች የሌላ ናቸው። አንባቢ እየሳቀ ነው ይህን የሚደርስበት።

አዮባሚ አዴባዮ ግን አታስቅም። በ2017 የወጣው ልቦለዷ «አብረኸኝ ቆይ» የ1980ዎቹን ናይጄሪያ፣ መፈንቅለ መንግሥቱን ጭምር፣ ከኋላ አድርጎ የየጂዴንና የአኪንን ትዳር ይተርካል። የጂዴ የፀጉር ቤት ባለቤት ናት። ልጅ ሲዘገይ ዘመዶች ሁለተኛ ሚስት ይዘው ከች ይላሉ። እሷም ተራራ ወጥታ፣ በአንድ ነቢይ ትእዛዝ ፍየል እስከማጥባት ትደርሳለች። ችግሩ ከአኪን እንደሆነ አኪን ያውቃል፤ በድብቅም ወንድሙን ወደ እሷ ያስገባል። ልጆች ሲመጡ ደግሞ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ይከተላል። ሁለቱ ከሞቱ በኋላ የጂዴ ሦስተኛዋን ለመውደድ አቅም አጥታ ጥላት ትሄዳለች። ምዕራፎቹን ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ስለሚተርኩት አንባቢ አኪንን እንደ ልቡ መጥላት ያቅተዋል።

በምዕራቡ ዓለም ሙግቱ በአብዛኛው ከራስ ጋር ነው። ራቸል ከስክ በ2001 እናት የመሆንን ጭንቅ ሳታለዝብ በመጻፏ በእንግሊዝ ጋዜጦች ተብጠልጥላለች። ካናዳዊቷ ሺላ ሄቲ በ2018ቱ «እናትነት» ወደ አርባ የተጠጋች ደራሲ ሳንቲም እየወረወረች አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ስትጠይቅ ታሳያለች። ብልሃቱ ያዝናናል፣ ግን ከገጾቹ ብዛት የተነሳ ያደክማል። ከዚህ ሁሉ የኤሌና ፌራንቴ ሌዳ ትበልጣለች። በ2006 በጣሊያንኛ በወጣው «የጠፋችው ልጅ» ውስጥ ይህች የዩኒቨርሲቲ መምህር ሁለት ሴት ልጆቿን ለሦስት ዓመት ጥላ ሄዳ የተመለሰች ናት፤ አሁን ባሕር ዳርቻ ላይ የሌላ ሰው ልጅ አሻንጉሊት ትሰርቃለች። ለምን እንደሰረቀች እሷም በቅጡ አታውቅም። ማጊ ጂለንሃል በ2021 ፊልም አድርጋዋለች።

ልጅ ፍለጋው ራሱም መልኩን ቀይሯል። የጃፓኗ ሚዬኮ ካዋካሚ «ጡትና እንቁላል» አነስ ብሎ ወጥቶ በ2008 የአኩታጋዋን ሽልማት አግኝቷል፤ በ2019 ተስፋፍቶ ሲታተም ባል የሌላት፣ ወሲብም የማትሻ ናትሱኮ ከለጋሽ በሚገኝ ዘር ለመውለድ ትነሳለች። የሜክሲኮዋ ጓዳሉፔ ኔቴል ደግሞ በ2020 ባወጣችው ልቦለድ የማሕፀን ቱቦዎቿን ያስቋጠረችውን ላውራን ታመጣለች። ላውራ አልወልድም ብላ ስታበቃ የጎረቤቷን ልጅ መንከባከብ ትጀምራለች፤ በረንዳዋ ላይ ደግሞ እርግቦች የእነሱ ያልሆነ ጫጩት ያሳድጋሉ።

አዲስ አበባም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለች። እዚያው የተወለደው አብርሃም ቨርጊስ በ2009 ባሳተመው «ከቲንግ ፎር ስቶን» በአንድ የሚሲዮን ሆስፒታል የምታገለግል መነኩሲት መንታ ወልዳ ትሞታለች፤ አባትየው ይሸሻል። ሕፃናቱን የምታሳድጋቸው ሕንዳዊቷ የማሕፀን ሐኪም ሄማ ናት፤ ጎሽ የተባለው ባልደረባዋም አባት ይሆናቸዋል። አንደኛው መንታ፣ ሺቫ፣ አድጎ የፌስቱላ ታካሚ ሴቶችን የሚጠግን ይሆናል። ያልወለዷቸው ልጆች እናት መባልማ ለእኛ አገር መጽሐፍ እንግዳ አይደለም። በ1672 የተጻፈው የወለተ ጴጥሮስ ገድል ሦስት ልጆቿ በሕፃንነታቸው የሞቱባትን፣ ባሏን ትታ የመነነችውን ሴት የማኅበረ መነኮሳት እናት አድርጎ ያቀርባታል። የቨርጊስ መጽሐፍ አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ተራኪው ልጁ፣ ሌላኛው መንታ ማርዮን፣ ነው። ከመወለዱ በፊት የሄማን ውሎ ሳይቀር የሚነግረን እሱ ነው፤ ሄማ በራሷ አንደበት እናትነቷን የምታወራበት ምዕራፍ የለም።