የኢንተርኔት መንገድ ለነጋዴ ሁሉ እኩል ክፍት ስለ መሆኑ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በዓለም ባንክ ሠፈር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ዕቃ ባለቀበት ቍጥር እንደ ቀድሞው ሱቁን ዘግቶ ወደ መርካቶ መሄድ አያስፈልገውም። የጅምላ ነጋዴው የዕቃውን ፎቶግራፍና ዋጋ በቴሌግራም ያወጣለታል፤ ባለሱቁም አይቶ ያዝዛል፤ ገንዘቡን በስልኩ ይልካል፤ ዕቃውም በመኪና ተጭኖ ይደርስለታል።

በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ተነሥቶ በነበረበት ሰሞን፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ ወርም ሳይከፈቱ ቆዩ። በእነዚያ ወራት ኢንተርኔቱ ራሱ አልተቋረጠም፤ ባንኩም፣ ኢሜይሉም፣ ሌላውም ገጽ ይሠራ ነበር። አንዱ አልፎ ሌላው የሚቀረው እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ ነጋዴ ሳይኖር አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት የሚላክ ደብዳቤም ሆነ ሥዕል ተቈራርጦ በብዙ ትናንሽ እሽጎች ይጓዛል፤ በእያንዳንዱም እሽግ ላይ የሚሄድበት አድራሻ ተጽፎበታል። እሽጎቹ ሁሉ በቴሌ ድርጅቱ መሣሪያ በኩል ያልፋሉ። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ይህን ከጉምሩክ ኬላ ጋር ቢያመሳስለው አይሳሳትም፤ መሣሪያው አድራሻውን አንብቦ እሽጉን ማሳለፍ፣ ማዘግየት፣ የተለየ ዋጋ ማስከፈል፣ ወይም ፈጽሞ ማስቀረት ይችላልና። በእገዳው ወራት ብዙ ሰዎች የተጠቀሙበት ቪፒኤን የሚባለው ዘዴም እሽጉን በሌላ እሽግ ሸፍኖ፣ ሌላ አድራሻ ጽፎ ማሳለፍ ነው።

እንግዲህ የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚባለው አሳብ፣ አጓጓዡ እሽጉ የማን እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሄድ እያየ አያበላልጥ፣ ምርጫው የተጠቃሚው ይሁን የሚል ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት የደረሰው መቋረጥ፣ ደግሞም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት አንድ ዓመት ያህል መዘጋቱ፣ ሁሉን በአንድነት የሚያስቀር ስለሆነ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ለባሕር ዳርና ለጎንደር ነጋዴ ግን እኩል መዘጋቱ ምንም መጽናኛ አልሆነውም።

መዝጋት ለሁሉ ይታያል። በዋጋ ማበላለጥ ግን ስጦታ መስሎ ስለሚመጣ አይታይም። ለአንድ አገልግሎት ብቻ የሚሠራ ርካሽ ጥቅል ሲቀርብ ባለሱቁ ደስ ብሎት ይገዛል፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ነገር ግን በገንዘቡ የራሱን ገጽ ያሠራ የጅምላ ነጋዴ በዚያ ጥቅል አይታይም፤ ዕቃው የተሻለ፣ ዋጋውም የቀነሰ ቢሆን ገዢው አይደርስበትም። ስለዚህ እርሱም ገጹን ትቶ ሌሎቹ ወደ ተሰበሰቡበት ይሄዳል። ገበያው ሁሉ በአንድ በር ከገባ በኋላ በሩ ቢዘጋ ምን እንደሚሆን በ2015 ዓ.ም. ታይቷል።

የሕንድ የቴሌኮም ተቈጣጣሪ ይህን አስቦ፣ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሚታየው ነገር ዓይነት የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ፤ ፌስቡክ ለድሆች በነጻ አቀርበዋለሁ ያለው የተወሰነ ኢንተርኔትም በዚሁ ቀረ። አሜሪካ ግን እስካሁን አልረጋችም፤ ደንቡን በ2007 አወጣች፣ በ2010 ሻረች፣ በ2016 መለሰች፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤት አፈረሰው። የቴሌ ድርጅቶች በበኩላቸው መስመር መዘርጋት ብዙ ወጪ ይጠይቃልና በዋጋ ላይ ነጻነት ይኑረን ይላሉ። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ የተጠቀመን ብዙ ማስከፈል አንድ ነገር ነው፤ ወዴት እንደሄደ እያዩ ማስከፈል ሌላ ነው።

በአገራችን ጉዳዩን የሚያጠብቀው ሌላም ምክንያት አለ። ኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከማከራየት አልፎ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዘመን ገበያ የተባለውን የኢንተርኔት መገበያያ አቋቁሟል። መንገዱን የያዘው በመንገዱ ዳር ሱቅ ከፈተ ማለት ነው። ይህ ክስ አይደለም፤ ሱቁ ለብዙ ሻጭ ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም ባለመንገዱ ለራሱ ሱቅ እንዳያደላ የተጻፈ ደንብ ቢኖር ለድርጅቱም ከሐሜት መዳኛ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ለገዢው ሁለተኛ ምርጫ ሰጥቷል፤ ሁለቱም ተመሳሳይ ጥቅል ቢሸጡ ግን ምርጫው በዋጋ ብቻ ይቀራል።

ተቈጣጣሪው በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው ሊያቀርቡለት የሚገባው ጥያቄም አጭር ነው፤ ለአንድ አገልግሎት ብቻ የሚሸጥ ጥቅል በምን ደንብ ይፈቀዳል? ባለመንገዱስ የራሱን መገበያያ ከሌላው ጋር በእኩል ዋጋ ያሳልፋል? እስከዚያው ድረስ ግን ባለሱቁ ጥቅል ሲገዛ ለሁሉ የሚሠራ መሆኑን ይጠይቅ፤ የደንበኞቹንና የአቅራቢዎቹንም ስልክ ቍጥር ከቴሌግራም ውጭ፣ በመዝገብ ጽፎ ይያዝ።