ከጤና ጣቢያው ደጅ በኋላ ሕመምተኛውን ማን ይረከባል?

ባለፈው ረመዷን በሰፈራችን አንዲት እናታችን ዐስር ሰላት አካባቢ እቤታቸው ወድቀው ተገኙ። ብቻቸውን የሚኖሩ አቅመ ደካማ ናቸው። የመስጂዳችን ጀማዓ ወሩ ከገባ ጀምሮ ተራ ይዞ በየማታው ማፍጠሪያ ያደርስላቸው ነበር። ጤና ጣቢያው ደግሞ ለስኳር ሕመማቸው ኢንሱሊን ይሰጣቸዋል። እኛ መርፌ እንደሚወጉ አናውቅም ነበር፤ ጤና ጣቢያው መጾማቸውን አያውቅም ነበር። በዚያን ቀን ሱሑርን በአንድ ስኒ ሻይ አልፈው መርፌያቸውን ተወግተው ዋሉ፤ ስኳራቸው ወረደ። አልሐምዱሊላህ፣ ጎረቤት ቶሎ ደርሶ ተርፈዋል።

ሁለቱም ወገን የየራሱን ሥራ ሠርቷል። ግን ኢንሱሊን ያለ ምግብ አደገኛ መሆኑን የሚያውቀው ሰው እቤታቸው ምን እንደሚበላ አያውቅም፤ ምግቡን የሚያደርሰው ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን ነገር አያውቅም። ጥፋቱን በሌላው ላይ ብቻ ለመጣል አንደፍርም። ለ20 ቀናት ያህል ሰሃን ይዘን በራቸው ላይ ስንቆም «እማማ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ተናቦ መሥራት የሚባለው ነገር በስብሰባ ቋንቋ ሲነገር ይደርቃል እንጂ ጉዳዩ ይኸው ነው። በአገራችን ለዚህ የሚሆን መዋቅር ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ል. ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲሠሩ ታስቦ ነው፤ በኋላም ወደ ከተማ ገብቷል። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ል. የተጀመረው ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙበት መንገድ አለው። በ2003 ዓ.ል. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደግሞ መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ድሆችን መንግሥት ከፍሎላቸው የሚያስገባበት አሠራር አለው። ችግሩ እነዚህ ሦስቱ የተለያየ ቢሮ፣ የተለያየ መዝገብና የተለያየ ሰው ያላቸው መሆኑ ነው። በአንደኛው መዝገብ ላይ ያለ ድሃ በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል።

ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት ጥሩው ምሳሌ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። በገጠር ሴፍቲኔት በማኅበረሰብ ሥራ የምትሳተፍ ሴት ማርገዟ በጤና ባለሙያ ሲረጋገጥ ከጉልበት ሥራው ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር ተደንግጓል። እህሉ ወይም ገንዘቡ አይቋረጥባትም፤ በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግ ይጠበቅባታል። ይህ የሚሠራው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወሬውን ለሴፍቲኔቱ ሰው ካደረሰች ብቻ ነው። ካላደረሰች ሴትዮዋ ድንጋይ ስትሸከም ትቆያለች።

ወደ እኛ ጀማዓዎች እንመለስ። ዘካና ሶደቃ ሰብሳቢዎች ለሕክምና ስናወጣ የትኛው አገልግሎት በነፃ እንደሚሰጥ አጣርተን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም፣ የሕፃናት ክትባትም፣ በጤና ጣቢያ መውለድም እንዲሁ። ስለዚህ ለሳንባ ነቀርሳ ታማሚ የሚያስፈልገው የመድኃኒት ብር ሳይሆን ሕክምናው በሚቆይባቸው ወራት የሚበላው ምግብና የመመላለሻ ትራንስፖርት ነው። ብዙዎች የሚያቋርጡት መድኃኒቱ ጠፍቶ ሳይሆን ሆዳቸው ባዶ ሆኖ መድኃኒቱ ስለሚያንገሸግሻቸው ወይም የታክሲ ስላጡ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ግን በዚህ የነፃ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ለእነሱ የመድኅን ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የምዝገባው ጊዜ ያልፋል፣ የድሆች ዝርዝር የሚወጣውም በቀበሌ ነው። እቤታቸው የተኙ ሰዎች ስም በዚያ ዝርዝር ላይ የሚሰፍረው የሚያነሳላቸው ሰው ሲኖር ነው።

ካርድ ያለውም ሰው ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ይህን ሳናውቅ ለአንድ ወንድማችን ከጁሙዓ በኋላ ገንዘብ አሰባስበን የከፈልንበት ጊዜ ነበር፤ ለካ ካርድ ነበረው፣ የጎደለው አንዲት ወረቀት ነበረች።

ይህ አስተሳሰብ ለሙስሊሙ እንግዳ አይደለም። በ1284 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ቀላውን ካይሮ ውስጥ ያቆሙት ማሪስታን በወቅፍ ገቢ የሚተዳደር ነበር። ድሃም ሀብታምም፣ ወንድም ሴትም ይታከምበታል። የታሪክ ጸሐፊው ኑወይሪ እንዳሰፈሩት፣ እቤታቸው ለተኙ ድሆች ሳይቀር የሚጠጣና መድኃኒት ይላክላቸው ነበር። ማከሙንም መደገፉንም የሚከፍለው አንድ ኪስ፣ የሚያዘውም አንድ አስተዳደር ነበር። እኛ ዛሬ ያንን አንድ ኪስ መመለስ አንችልም፤ መዝገቦቹ እንዲተያዩ ማድረግ ግን አያቅተንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መነሳት አለበት። የሰው ሕመም አማና ነው። በመስጂድ ማይክራፎን የታማሚን ስምና የሕመሙን ዓይነት እየጠሩ መዋጮ መለመን የለመድነው ነገር ሆኗል፤ ለእርዳታ ተብሎም ቢሆን መቆም አለበት። የጤና ባለሙያም ቢሆን የታካሚውን ነገር ያለ ፈቃዱ ለጀማዓ ኮሚቴ ሊናገር አይገባም። መንገዱ ታካሚውን ራሱን መጠየቅ ነው፦ «ለኤክስቴንሽኗ እህታችን ብንነግራት ይፈቅዳሉ?»

እኛ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። በኮሚቴው ደብተር ላይ የአካባቢያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ተጻፈ፤ እሷም የእኛን ሁለት ሰዎች ቁጥር ያዘች። ዘንድሮ ረመዷን ከመግባቱ በፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን መጾም ይችሉ እንደሆነ ከሐኪማቸው ጋር እንዲነጋገሩ ተደረገ፤ ሐኪሙ የከለከላቸውን ደግሞ ኢማማችን በየቤታቸው ሄደው ሩኽሳውን አስረዷቸው። እናታችን መጀመሪያ አልዋጥ ብሏቸው ነበር። በኋላ እሺ አሉ፤ ግን ፊድያውን ራሴ ነኝ የማወጣው ብለው ከምናደርስላቸው እህል ላይ በየቀኑ አንድ ጣሳ እየሰፈሩ ለጎረቤታቸው ይሰጣሉ። እርስዎ ላይ ግዴታ አይደለም ብንላቸውም አልሰሙንም።