ፎቶግራፍን በጆሮ ስለ ማስተማርና ስለ አድማጮች አስተያየት

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ለሹመት ፈላጊ ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ፤ ለሰው ጆሮ የሚሆን ነገር አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የተነሣሁት፥ በትርፍ ጊዜያቸው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች የሚያዘጋጁት ፖድካስት በአድማጮቹ አስተያየት እንዴት እየተሻሻለ ሊሄድ እንደሚችል ነው። ምሳሌዎቼን የምወስደው ከትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ ዝግጅት ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ከወላጆችም አስተያየት የላካችሁልን አላችሁ።

ፖድካስት ማለት በኢንተርኔት የሚሠራጭ፥ አድማጩም በወደደው ሰዓት ከፍቶ የሚሰማው የድምፅ ዝግጅት ነው። ስሙን በየካቲት 1996 ዓ.ም. ጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ የጻፈው ቤን ሐመርስሊ የሚባል ጋዜጠኛ ሲሆን፥ ቃሉም አይፖድ ከሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻና ብሮድካስት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተጋጠመ ነው። የራዲዮ ዝግጅት ሰዓቱን ያልጠበቀ ሰው ያመልጠዋል፤ ፖድካስት ግን አድማጩን ተቀምጦ ይጠብቃል። ሆኖም ተናጋሪውና አድማጩ አይተያዩም። መምህር በክፍል ውስጥ ሲያስተምር የተማሪው ግንባር ሲቋጠር አይቶ ትምህርቱን ይደግማል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማይክሮፎን የሚናገር ሰው ግን ግንባሩ የተቋጠረውንም የፈገገውንም አያይም። ስለዚህ አስተያየት መጠየቅ ለእርሱ ዓይን ማለት ነው።

የፎቶግራፍ ፖድካስት ደግሞ ከሌላው የባሰ ችግር አለበት፤ የሚያስተምረው የዓይንን ሙያ፥ የሚናገረው ግን ለጆሮ ነው። ይህን ከሁላችንም አስቀድመው በአንድ ቃል የገለጹት በሌሊት ተረኛነታቸው የሚያዳምጡን የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። አንድ ቀን ከበር አስቁመውን፥ «ልጆቼ፥ ወሬያችሁ ደግ ነው፤ ነገር ግን የምታወሩለት ሥዕል የታለ?» አሉን። እኛም፥ «አባባ፥ በስልክዎ ቢያዩት ይሻልዎታል ወይስ በቃል ብንነግርዎ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ሁለቱም። ሌሊት ዓይኔ በር ላይ ነው፤ ቀን ግን አየዋለሁ» ሲሉ መለሱልን። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገርበትን ሥዕል በቴሌግራም ከድምፁ ሥር እናኖራለን፤ በቃልም አስቀድመን እንሥለዋለን። ይኸውም፥ «በስተግራ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከበስተቀኝ ካለው መስኮት ነው፤ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ጨለማ ነው» እያልን ነው። ይህን ማድረግ ለተናጋሪውም ይጠቅማል፤ በቃል ሊሥሉት ያቃተ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በውስጡ ምን እንዳለ በሚገባ ያልታየ ሥዕል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት የትኛው አስተያየት ይረዳል የሚለው ነው። «በርቱ!» «በጣም ደስ ይላል!» የሚሉ ቃላት ልብን ያሞቃሉ፤ እንዲህ የሚሉንንም እናመሰግናለን። ነገር ግን «በርቱ» ከሚለው ቃል በሚቀጥለው ሳምንት ምን መለወጥ እንዳለብን አናገኝም። ጥፋቱ ሁልጊዜ የአድማጩ አይደለም። «ዝግጅቱን ወደዳችሁት ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ጨዋ ሰው «አዎን» ከማለት በቀር ምን ይላል? ባገራችን ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ የሰው ልጅ የደከመበትን ነገር ፊት ለፊት መንቀፍ ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ዝግጅቱ ሳይሆን አድማጩ ስለ ሠራው ነገር ይሁን፤ «ከሰማህ በኋላ ምን አነሣህ? ስታነሣ የቱ ጋ ቆምህ?» ብለን ስንጠይቅ ሰውየው የሚናገረው ስለ ራሱ ሥዕል ስለሆነ አይሳቀቅም። የፎቶግራፍ ትምህርት ፍሬው አድማጩ በኋላ የሚያነሣው ሥዕል ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚታመን መለኪያ ያለው አይመስለኝም።

ለዚህ ጥያቄ ከመጡት መልሶች አንዱን ሰፋ አድርጌ ላቅርብ። አንዲት እናት በጥምቀት ማግሥት፥ «እንደ ነገራችሁን አነሣሁ። የእናቴ ነጠላ አመድ መሰለ፤ ፊቷም ጠቆረ። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ሌላ ደኅና ፎቶግራፍ የላትም» ብለው ጻፉልን። ይህ አስተያየት አጭር ነው፤ ግን ምን እንደ ተሞከረ፥ ምን እንደ ወጣና ለምን እንደሚያሳስብ ሦስቱንም ይዟል። እኛም፥ «እባክዎ ሥዕሉን በፋይል መልክ ይላኩልን» አልናቸው። በቴሌግራም ሥዕል እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ካሜራው በውስጡ የመዘገበውም ማስታወሻ ይጠፋል። በፋይል መልክ ሲላክ ግን መዝጊያው ለስንት ጊዜ እንደ ተከፈተና ካሜራው ለብርሃን ምን ያህል ስሜት እንደ ነበረው የሚናገረው መዝገብ አብሮ ይመጣል። (በነገራችን ላይ፥ የስልኩ ካሜራ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ሥዕሉ የተነሣበት ቤት የት እንደሆነም በዚሁ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሥዕሉን ከማንሣታችሁ በፊት ቦታ መመዝገቡን ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ አጥፉት፤ እኛም የሚላክልንን ለሌላ አናሳልፍም።)

መዝገቡን ስናይ መዝጊያው በጣም በአጭር ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል፤ የብርሃን ስሜቱም ዝቅተኛ ነበረ። ይህም ማለት ሥዕሉ የጠቆረው ብርሃን ጎድሎ ሳይሆን ካሜራው ራሱ ቀንሶት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር ከመሠረቱ አያውቅም፤ ሁሉንም በነጭና በጥቁር መካከል ወዳለው ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። የዛሬ ስልኮች ፊትን ፈልገው ለማረም ቢጥሩም፥ ነጭ ነጠላ ሥዕሉን ሲሞላው መለኪያው መታለሉ አይቀርም፤ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ነጠላው አመድ ይሆናል፤ በነጠላው ውስጥ ያለው የጠይም ፊት ደግሞ ይጨልማል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ሰውየውን ከፀሐይ አውጥቶ በደጃፍ ጥላ ማስቀመጥ፥ በስልኩ መስታወት ላይ ጣትን በፊቱ ላይ ማሳረፍ፥ ካስፈለገም ብርሃኑን ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። እኒያ እናት በፋሲካ እንደገና አንሥተው ላኩልን። የአሮጊቷ ፊት እስከ ሽብሽባቱ ይታያል። የነጠላው ሽመና እምብዛም አይለይም፤ ልጃቸው ግን፥ «ነጠላውን ቁም ሣጥን ውስጥ አለልኝ፤ የምፈልገው ፊቷን ነው» ብለዋል። ከዚህ በኋላ ስለ ነጭ ልብስ ራሱን የቻለ ዝግጅት አቀረብን፤ ካቀረብናቸውም ሁሉ እርሱ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስተያየት የመጽሐፍንም ቃል ሊያርም ይችላል። በአውሮፓ የተጻፉ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን ለስላሳ ብርሃን «ወርቃማው ሰዓት» ይሉታል። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን በእንጦጦ ላይ ብርሃኑ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው እንደሚከር ጻፈልን። ነገሩን በሂሳብ ስናየው ልክ ነበረ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረምና በመጋቢት በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በሎንዶን ግን በዚያው ወራት ወደ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የእነርሱ ሰዓት ለእኛ ከሰላሳ አምስት ደቂቃ ብዙ አይበልጥም፤ ዛሬም ለአድማጮቻችን የምንነግረው በዚህ መጠን ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አስተያየቱ ምሳሌ እንድንለውጥ ያደርገናል። የሌንስ ቀዳዳ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል የሚለው ነገር ለሰሚው ግራ ነው። ይህን ብዙዎች ስለ ጠየቁን በእንጀራ መሰልነው፤ የእንጀራ ግማሽ ከእንጀራ ስምንተኛ ይበልጣል። ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለስንት እንደ ተካፈለ ይናገራል። 50 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ በ2 ሲካፈል ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት፥ በ8 ሲካፈል 6 ሚሊ ሜትር ከሩብ ይሆናል። ይህንም ገና ተናግረን ሳንጨርስ፥ «የእኔ ስልክ እንዲህ ያለ ነገር የለውም» የሚል መልእክት መጣ። እውነት ነው፤ የአብዛኞቹ ስልኮች ቀዳዳ የማይለወጥ ነው። ስለዚህ በየዝግጅቱ በስልክ ሊሠራ የሚችለው ይቀድማል፤ የካሜራው ይከተላል።

ስለ ድምፁ ጥራት ብዙ አልልም። በታክሲ ውስጥ የሚሰማን ሰው የዓረፍተ ነገራችን መጨረሻ እንደሚጠፋበት ነግሮናል፤ አሁን ድምፃችንን እስከ መጨረሻው እንይዛለን፤ ክፍሉም እንዳያስተጋባ ጋቢና ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። አንድ አባት ደግሞ የኢንተርኔት ወጪው እንደሚከብዳቸው ገለጹ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ የሃያ ደቂቃ ዝግጅት 19 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ64 ኪሎቢት ግን ከ10 ሜጋባይት አይበልጥም። ለንግግር ይኸኛው ይበቃል።

ሁሉ አስተያየት ይፈጸማል ማለት ግን አይደለም። አንዱ «አሳጥሩት» ሲል ሌላው «አስረዝሙት» ይላል። ሁለቱን አማክሎ በመካከል መቆም አስተዋይነት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ «አሳጥሩት» ያለውን ሰው የቱ ጋ እንደ ሰለቸው ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ከሰላምታችን መርዘም ነው። ደግሞም የሰለቸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም፤ ዝም ብሎ ይዘጋል። ለዚህ እንደ አፕል ፖድካስት ያሉ አገልግሎቶች ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አድማጮች የቱ ደቂቃ ላይ እንዳቋረጡ ለአዘጋጁ ያሳያሉ። ቁጥሩ የት እንደ ተቋረጠ እንጂ ለምን እንደ ተቋረጠ ስለማይናገር ያን ደቂቃ ለአንድ ጓደኛ አሰምቶ ፊቱን መመልከት ያስፈልጋል። በቴሌግራም ብቻ የሚያሠራጭ ደግሞ ይህንም አያገኝም፤ ከሰው ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

አስተያየት ሰጪው ቃሉ ምን እንዳደረገ ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ በየዝግጅቱ መጀመሪያ ምን እንደ ተለወጠና በማን ምክር እንደ ተለወጠ፥ ስሙ እንዲጠራ የፈቀደ እንደሆነ ስሙን ጠርተን እንናገራለን።

በዚህ ዓመት መጨረሻ የደረሰን አስተያየት ስለ ደመራ ነው። ጸሐፊዋ፥ «ስለ በዓል የምትነግሩን በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከመስቀል በኋላ የሚመጣ ምክር ለከርሞ ነው» ትላለች። የእሳቱ ነበልባል በሥዕል ላይ ለምን ነጭ እንደሚሆን የሚያስረዳው ዝግጅት እንግዲህ በመስከረም መጀመሪያ ይወጣል። ከሰማችሁት በኋላ ያነሣችሁትን በፋይል መልክ ላኩልን፤ የቱ ጋ እንደ ቆማችሁም ጻፉልን።