ስለ ሴተኛ አዳሪነት፤ ፍርዱ ከወዴት ይጀምራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት! ዛሬ የምንናገርበት ነገር በዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ በየመንደራችን ግን በዓይን የሚታይ ነው፤ ይኸውም ሴተኛ አዳሪነት ነው። በዚህ ነገር ሁለት ጥያቄ ይቀርብልናል። አንደኛው፣ ኃጢአት ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሕግ ሊቀጣው ይገባልን? የሚል ነው። ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ ለየብቻ እንመልሳቸዋለን።

ለፊተኛው የቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች እንዳስተማረ፣ ሥጋችን የክርስቶስ ብልት፣ የመንፈስ ቅዱስም ማደሪያ ነው፤ ስለዚህ ሊሸጥም ሊገዛም አይገባም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሐዋርያው በዚያ ስፍራ የሚገሥጸው ወደ ዘማ የሚሄደውን ወንድ ነው።

በሁለተኛው ጥያቄ ግን መንግሥታት ተለያይተዋል። እኩሌቶቹ ሻጭዋንም ገዥውንም ይቀጣሉ፤ በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ሕጉ እንዲህ ነው። ምክንያታቸውም፣ ክፉ ነገር ካልተከለከለ ይበዛል የሚል ነው። እኩሌቶቹ ደግሞ ፈቅደው ደንብ አወጡለት፤ ኔዘርላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000፣ ጀርመን በ2002፣ ኒውዚላንድ በ2003 እንዲህ አድርገዋል። እነርሱም፣ ሴቲቱ ወንጀለኛ ካልተባለች ስትደበደብ ለመክሰስ፣ ስትታመም ለመታከም አትፈራም ይላሉ። ስዊድን በ1999፣ ኖርዌይ በ2009፣ ፈረንሳይም በ2016 ሻጭዋን ትተው ገዥውን መቅጣት ጀመሩ፤ ፈላጊ ከሌለ ገበያው ይፈርሳል ብለው ነው። ይህን የሚነቅፉት ግን፣ ገዥው ሲሸሸግ እርስዋም ተከትላ ወደ ጨለማ ትገባለች፣ አደጋዋም ይበረታል ይላሉ።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ ገላዋን የምትሸጠውን ሴት ስለዚህ ብቻ አይቀጣትም፤ በእርስዋ ገቢ የሚኖረውን አቃጣሪ ግን ይቀጣል። ሕግ ካልከለከለው ተፈቅዷል የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ትዕቢትና ምቀኝነትም ወህኒ አያስገቡም፤ ኃጢአት መሆናቸው ግን አልቀረም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ንጉሥ ዮስጢንያኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ535 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ደላሎች በየአገሩ እየዞሩ ድሆችን ልጃገረዶች በጫማና በልብስ አታለው ወደ ቁስጥንጥንያ እንደሚያመጡ፣ በውልም እንደሚያስሯቸው ገልጾ፣ አቃጣሪነትን ከከተማይቱ ከለከለ። ሚስቱ ንግሥት ቴዎድራም ከዚያ ኑሮ ለወጡት ሴቶች ስሙ ንስሐ የተባለ ማደሪያ አቆመችላቸው። እነሆ፣ ሕግ ብቻውን አልበቃም፤ ተቀብሎ የሚያስጠጋ ቤትም አስፈለገ።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ከወዴት ይጀምር? ኦሪት ዘፍጥረትን እንመልከት። ይሁዳ፣ ምራቱ ትዕማር በዝሙት ፀነሰች በተባለ ጊዜ፣ አውጥታችሁ አቃጥሏት ብሎ ፈረደ። እርስዋም መያዣ አድርጎ የሰጣትን ቀለበት፣ አምባርና በትር ላከችለት። ያን ጊዜ ፈራጁ የገዛ ዕቃውን ዐወቀ፤ ከእርሱ ይልቅ እርስዋ ጻድቅ እንደ ሆነችም መሰከረ። ዛሬም ሴቲቱን የሚኰንን ብዙ ነው፤ ቀለበቱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እሑድ ማለዳ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ከወንዶች መቆሚያ ይቆማል። ትናንት ማታ ገንዘብ የከፈላት ሴት ግን ከደጀ ሰላሙ ውጭ ሆና ቅጥሩን ተሳልማ ትመለሳለች። እርስዋ ባፈረችበት ነገር እርሱ አላፈረም። እኛም ካህናት ከዚህ ነቀፋ ንጹሓን አይደለንም፤ እርስዋን ሸሽተን የእርሱን መባ ደስ ብሎን የተቀበልንበት ጊዜ አለና።

ስለዚህ፣ ወንድማችን ሆይ፣ የከፈልኸው ገንዘብ ኃጢአቱን ከአንተ ወደ እርስዋ አላሻገረውም፤ ከንስሐ አባትህ ፊት ቅረብ። የቤት እመቤት ሆይ፣ ከገጠር መጥታ በቤትሽ ያገለገለችው ልጅ ከባልሽ ወይም ከልጅሽ ብትፀንስ፣ በሌሊት ከደጅ አታውጪያት፤ ወደዚያ ኑሮ የሚወስደው መንገድ ለብዙዎች ከእንዲህ ያለ ደጅ ይጀምራልና። እኅታችን ሆይ፣ ቅጥሩን ተሳልመሽ አትመለሺ፤ ግቢና ካህን ጥሪ። ግብጻዊት ማርያም ከዚህ ኑሮ ተመልሳ ሚያዝያ 6 ቀን በስንክሳር የምትታሰብ ቅድስት ሆናለች። የኢያሪኮዋ ረዓብም ሰልሞንን አግብታ ቦዔዝን ወለደች፤ ወንጌላዊው ማቴዎስም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ስምዋን ጻፈው።

እግዚአብሔር ከልጁ የዘር ሐረግ ያላወጣትን እኛ ከጋብቻ፣ ከማኅበርና ከዕድር የምናወጣት እኛ ማን ነን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።