በልጄ ጀልባ ላይ ያልተቆጠረው ተሳፋሪ

ገንዘቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬዬ ሁሉ ስለ ልጄ ጥፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው። እቁብ ደርሶኝ ነበር። ልጄ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነውና ጀልባውን ማሻሻል ፈለገ። «ሁዳዴ ሳይገባ ቶሎ ጨርሰው» ብዬ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ እንደሚደራ እዚህ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቃል።

ልጄ ለዓመታት በመረብ ቆሮሶ ሲያሰግር ነው የኖረው። ማታ መረቡን ይጥላል፣ ንጋት ላይ ያወጣል። እያደር መረቡ ሲቀልበት ፊቱን ወደ አምባዛ አዞረ። አምባዛ በመንጠቆም ይያዛል። አንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ ይንጠለጠልና በየመንጠቆው ትንሽ ዓሣ ይሰካበታል። ትንሿ ዓሣ በሕይወት ካለች ትንቀሳቀሳለች፤ አምባዛውን የምትጠራውም እሷ ናት። ስለዚህ ልጄን ሁለት ነገር አስፈለገው፦ ገመዱን ሳይጠላለፍ የሚዘረጋበት ሰፊ ወለልና ትንንሾቹን ዓሦች በሕይወት የሚያቆይበት የውኃ ዕቃ።

ጀልባው 6 ሜትር የማይሞላ የሳንቃ ጀልባ ነው። ልጄ የመሐሉን አግዳሚ መቀመጫ ነቀለ። እግሩ ከውኃ እንዲርቅ ብሎ ወለሉን በጣውላ ከፍ አደረገው። ከዚያ አንድ የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት ቆርጦ፣ ግማሹን ከኋላ በስተግራ፣ እጁ በሚደርስበት ጎን አስቀመጠና ውኃ አደረገበት። ሲያዩት ደስ ይላል። እኔም አይቼ መርቄዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የ9 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአባቱ ጋር ወጣ። ሲመለሱ ልጁ ከራስ እስከ እግሩ ርሷል። «ውኃ ረጭቶት ነው» አለኝ ልጄ፣ ዓይኔን ሳያይ። ማታ ቡና ሳፈላ ልጁ ራሱ እንደ ጨዋታ አድርጎ አወራኝ። በርሜሉ ውስጥ ያሉትን ዓሦች ለማየት ወደ ጎን ጎንበስ ሲል ጀልባው አዘነበለ። የበርሜሉ ውኃም ወደዚያው ወገን ሄደ። «ከዚያ እማማ፣ ሐይቁ ወደ እኔ መጣ» አለኝ። አባቱ በሸሚዙ አንገት ይዞ ነው ከውኃ የጎተተው።

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በተረኛነቴ ሌሊት ያመጡብኝ ሕፃን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቤተሰቡ «ውኃው ይውጣ» ብለው እግሩን ይዘው፣ ዘቅዝቀው ሲያራግፉት ነበር የቆዩት። ትንፋሽ የሰጠው ሰው አልነበረም። እኛ ጋ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

ያን ማታ ልጄን ተቆጣሁት። እሱም «እማዬ፣ አንቺ ስለ መርፌ እንጂ ስለ ጀልባ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ነገሩ ቢያመኝም እውነቱን ነው። ስለዚህ በማግስቱ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሄድን።

የሚሄድ ጭነት

አሞራ ገደል አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አናጢ አሉ። መጡና በርሜሉን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ስንት ሊትር ይይዛል?»

«100 ገደማ።»

«ስንት አደረግህበት?»

«ግማሽ ያህል። እንዳይከብድ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ግማሽ ኩንታል ጭነሃል ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ብትጭን ባስቀመጥክበት ይቀመጣል። ውኃ ግን የሚሄድ ጭነት ነው፤ ጀልባው ወደ ዘመመበት ይሮጣል። ግማሽ የሞላ ዕቃ ደግሞ ውኃው እንደ ልቡ የሚሮጥበት ሜዳ አለው።» ወደ እኔ ዞር ብለውም፣ «ሲስተር፣ ሐይቁ አይደለም ልጁን የጣለው፤ በርሜሉ ነው» አሉኝ።

ቀጥለው የተነቀለውን መቀመጫ አነሡ። «መቀመጫ መሰለህ? ይህ እኮ ማገር ነው። የጀልባውን ግራና ቀኝ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ይህን ነቅለህ ማዕበል ሲመታህ ሳንቃው መላቀቅ ይጀምራል።» ከፍ የተደረገውንም ወለል አልወደዱትም። ሰው ከፍ ብሎ በቆመ ቁጥር ጀልባው ለመገልበጥ ይቀለዋል።

ልጄ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ፤ «ቶሎ ጨርሰው» ያልኩት እኔ ነኛ!

እንደገና የተሠራው

መቀመጫው ወደ ቦታው ተመለሰ። የዓሦቹ ሳጥን ደግሞ ከሥሩ፣ ጀልባው መሐል፣ ታች ወለሉ ላይ ተሠራ። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 40፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 72 ሊትር ይይዛል። የመቀመጫው ሳንቃ የሳጥኑ ክዳን ሆነ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ጣውላ ሳጥኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጀልባው ሲያዘነብል ውኃው ሁሉ ወደ አንድ ጎን እንዳይሮጥ ነው። ሳጥኑም እስከ አፉ ይሞላል እንጂ ግማሹ አይተውም።

ከፍ ያለው ወለል ተነሥቶ በምትኩ የሚነሣና የሚመለስ ርብራብ ዝቅ ብሎ ተነጠፈ። ውኃ ከገባ ርብራቡን አንሥቶ መጥለፍ ይቻላል። በርሜሉ ሲወጣና መረቡ ከፊት ሥር ሲገባ ልጄ የፈለገው ሰፊ ቦታ ተገኘ። ቦታው የተገኘው ዕቃ በማዘዋወር እንጂ ማገር በመንቀል አይደለም።

አንድ ጓደኛው «የጀልባውን ሆድ ብትበሳው ውኃው ራሱ እየገባ ይታደስልሃል» ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ አሠራር አለ። አናጢው ግን የሳጥኑ ግድግዳ ከሐይቁ ውኃ ልክ በላይ ካልሆነና መጋጠሚያው ጠብታ የሚያሳልፍ ከሆነ ጀልባው ቀስ በቀስ ይሞላል አሉ። እኛ በባልዲ መቀየሩን መረጥን። እኔም ያገባኛል ባልኩት በኩል ገባሁ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ እንደምንቆጥረው፣ ልጄም እነሱን እንዲያይ አስተማርኩት። ውኃ ሲሞቅ አየር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ክዳኑ ላይ እርጥብ ጆንያ ይደረጋል፣ ዓሣ አይታጨቅም፣ የሞተው ቶሎ ይወጣል። ሽማግሌው አንድ ነገር አከሉ፦ «የቆሮሶ ጫጩት አትጠቀም። የነገውን ቆሮሶ ለዛሬ አምባዛ አትስጥ።» ባሕሪያቸው ትንሽ ሆነው የሚቀሩ የዓሣ ዓይነቶች አሉና ልጄ እነሱን ይይዛል።

ባዶ ሆነው ክዳናቸው በደንብ የተዘጋ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችም ከፊትና ከኋላ ሥር በገመድ ታሰሩ። ጀልባው ውኃ ቢሞላ እንኳ ሰው የሚይዘው ነገር እንዲኖር ይረዳሉ።

ሥራው ሲያልቅ ሐይቁ ዳር ፈተንነው። ሳጥኑ ሞልቶ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ወደ አንድ ጎን ተጠጉ። ድሮ በርሜሉ እያለ ሲጠጉ ከጠርዙ እስከ ውኃው አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር። አሁን ሁለት ስንዝር ሆነ። ሆኖም 72 ሊትሩ 72 ኪሎ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ አራት ሰው ይጭን የነበረው ጀልባ አሁን ሦስት ሰው ብቻ ይጭናል። አራተኛው ውኃው ነው።

በፈተናው ቀን ሐይቁ ዳር የቆሙት ሁሉ ቦት ጫማ እንዲያደርጉ አስገድጃለሁ፤ ሳቁብኝ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ልጆቻችሁ ሐይቅ ዳር የሚውሉ ከሆነ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። መድኃኒት አለው።

ልጅ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ

ያን ሌሊት ያየሁት ሕፃን ስላልወጣልኝ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። ዋና የማትችሉ ከሆነ ተከትላችሁ አትዝለሉ። መቅዘፊያ ዘርጉ፣ ወይም በገመድ የታሰረ ዝግ ጀሪካን ወርውሩ። ልጁ ሲወጣ አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትጫኑ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ አሙቁት።

የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙትና ሌላ ሰው እርዳታ እንዲጠራ አድርጉ። ራሱን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አዘንብሉ፣ አገጩን ቀና አድርጉ። አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ደረቱ ከፍ እስኪል ከ2 እስከ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልተመለሰ የደረቱን መሐል 30 ጊዜ ተጫኑ፣ ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ የደረቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪረከባችሁ አታቁሙ። ቢነቃም ሐኪም ሳያየው ወደ ቤት አይመለስ።

የልጅ ልጄ አሁንም አልፎ አልፎ ከአባቱ ጋር ይወጣል፤ በልኩ የተገዛለትን የመንሳፈፊያ ጃኬት አጥልቆ፣ ነፋስ ሳይነሣ በጠዋት። ከመሳፈሩ በፊት ዳር ላይ ቆሞ እንዲቆጥር አስለምጄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ አጎቴ፣ እኔ፣ ውኃው» ብሎ ቆጠረ። አንድ ጎረቤት «እኔም ልሳፈር» ብሎ ቢመጣ ልጁ «ሞልቷል» ብሎ መለሰው። አባቱ ሳቀ እንጂ አላረመውም።

በርሜሉ ግቢዬ ውስጥ አለ። ጎመን ተክዬበታለሁ።